ቁጥሩ እስኪገጥም፦ የስታቲስቲክስ ሥራን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ማዛወር

የምሠራው በወፎች መረጃ ላይ ነው። ወፍ ይያዛል፣ እግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ይደረግለታል፣ ይለቀቃል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መረብ ይዘረጋል። ካልተያዙት ውስጥ ስንቱ ሞቷል? ስንቱስ በሕይወት እያለ ከመረቡ አምልጧል? ይህን የሚለይልን ስታቲስቲክስ ነው። ለዓመታት ይህን ሁሉ ዊንዶውስ ላይ ስሠራ ቆይቻለሁ። አሁን ሙሉ በሙሉ ሊኑክስ ላይ ነኝ።

ያዛወረኝ አንድ ሞዴል ነው። ላፕቶፔ ላይ 31 ሰዓት ይፈጅ ነበር። ከባልደረቦቼ ጋር የምንጋራው ሰርቨር ብዙ ኮር (የስሌት ክፍል) አለው፤ የሚሠራው ግን በሊኑክስ ነው። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ነበር። መንገዱን እየወደቅኩ እየተነሣሁ ነው ያገኘሁት። እናንተ በአጭሩ እንድታልፉት ብዬ ጻፍኩት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ ሊኑክስ ላይ ስለተከፈተ ብቻ ተዛወርን አትበሉ። አሮጌው ማሽን የሰጣችሁን ቁጥር አዲሱም ሲሰጣችሁ ያኔ ተዛውራችኋል። ስለዚህ ዊንዶውሱን ሳትነኩ በፊት ከምትተማመኑባቸው ሥራዎች ጥቂቱን መርጣችሁ ዳታውን፣ ሞዴሉንና ውጤቱን አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ይህ ፎልደር በኋላ ሚዛናችሁ ነው።

ትዕዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ነው የምጽፋቸው። ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

ቆጠራ

ወረቀት አውጡ። ባለፈው አንድ ዓመት በእርግጥ የከፈታችኋቸውን ፕሮግራሞች ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን ምን እንደምትሠሩበት ጻፉ። የፕሮግራሙ ስም ሳይሆን ሥራው ነው የሚዛወረው።

የእኔ ወረቀት ላይ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነበረ። ምን እሠራበታለሁ ብዬ ስጽፍ «ሰዎች የሚልኩልኝን ፋይል ለመክፈት» የሚል ብቻ ወጣ። ለዚህ ሙሉ ፕሮግራም አያስፈልግም። በአንድ የላቲን ፊደል የሚጠራው የስታቲስቲክስ ቋንቋ፣ እዚህ ኣር እያልኩ የምጠራው፣ «ሄቨን» የሚባል ፓኬጅ (ተጨማሪ መሣሪያ) አለው። የኤስፒኤስኤስን፣ የስታታንና የሳስን ፋይል ከነመለያ ጽሑፉ ያነብባል። የኤስፒኤስኤስ ሲንታክስ የምትጽፉ ከሆነ ፒኤስፒፒ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሞክሩት። መልኩም አጻጻፉም ይመሳሰላል። ሁሉንም ትንታኔ ግን አይሠራም፤ የምትፈልጉት መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ።

ከዚያ ዝርዝሩን በሦስት ክፈሉት። አንደኛው፣ ራሱ የሊኑክስ ዕትም ያለው። ኣር፣ ስታታ፣ ሳስ፣ ማትላብና ኤምፕላስ እዚህ ናቸው። ጃሞቪና ጃስፕም ፍላትፓክ በሚባለው የሊኑክስ የፕሮግራም መጫኛ ዘዴ ይጫናሉ። ክፍያ ያላቸው ላይ ፈቃዳችሁ ለሊኑክስ ይሠራ እንደሆነ ብቻ ጠይቁ። ሁለተኛው፣ ምትክ ያለው። ሦስተኛው፣ ምንም ምትክ የሌለውና የግድ ዊንዶውስ የሚፈልግ። እኔ ሦስተኛው ረጅም ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከ 9 ፕሮግራሞች 2 ብቻ ቀሩ።

የትኛውን ሊኑክስ? ኡቡንቱን ወይም ዴቢያንን ውሰዱ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለሳይንስ ፕሮግራሞች የሚጻፈው መመሪያ አብዛኛው በእነዚህ ሁለቱ የፓኬጅ ስም ነው። የኡቡንቱ ኤልቲኤስ ዕትም በየ 2 ዓመቱ ይወጣል፣ ለ 5 ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል። በጥናት መሀል ማሽኑ እንዲለዋወጥባችሁ ስለማትፈልጉ እሱ ይሻላችኋል።

ኣርን መጫን፣ ቀዩን ጽሑፍ ማንበብ

ዊንዶውስ ላይ የኣር ፓኬጅ ስትጭኑ ተገንብቶ ያለቀ ፋይል ይወርድላችኋል። ሊኑክስ ላይ ግን የኣር ፓኬጆች ዋና ማከማቻ የሆነው ክራን በተለምዶ የሚልክላችሁ የምንጭ ኮዱን ነው። ማሽናችሁ ራሱ ኮምፓይል ያደርገዋል፤ ወደሚሠራ ፕሮግራም ይገነባዋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ፓኬጁ ለ 5 ደቂቃ ያጓራል፣ ከዚያ በቀይ ይቆማል።

መጀመሪያ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብላችሁ ኣር-ቤዝንና ኣር-ቤዝ-ዴቭን አንድ ላይ ጫኑ። ሁለተኛውን አትዝለሉት። የሲ፣ የሲ ፕላስ ፕላስና የፎርትራን ኮምፓይለሮችን የሚያመጣው እሱ ነው።

ቀጥሎ ስህተት ሲመጣ የመጨረሻውን መስመር አታንብቡ። እሱ የሚላችሁ «አልተሳካም» ብቻ ነው። ወደ ላይ ውጡ። ብዙ ጊዜ ከ 20 ወይም ከ 30 መስመር በላይ ዋናው ነገር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለምሳሌ ከርል የሚባለው ፓኬጅ እንቢ ሲል ሊብከርል አልተገኘም ይላል፤ «ዴብ» በሚል ቃል የሚጀምረው መስመር ደግሞ ለዴቢያንና ለኡቡንቱ የሚጫነውን ስም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እሱን ስም ቀድታችሁ በአፕት ጫኑት። ስማቸው መጨረሻ ላይ «ዴቭ» የሚል ቅጥያ እንዳለ ልብ በሉ። ያለ ዴቭ ያለው ፕሮግራም ለማስኬድ ነው፣ ዴቭ ያለው ለመገንባት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ቀን ሙሉ ተሰቃይቻለሁ፤ ላይብረሪው ማሽኔ ላይ ነበረ፣ የሌለው ዴቩ ነበር።

የካርታ ሥራ ካላችሁ «ኤስኤፍ» ከመጫናችሁ በፊት የጂዳልን፣ የጂኦስን፣ የፕሮጅንና የዩዲዩኒትስን ዴቭ ፓኬጆች አስቀድሙ። አራቱ ካሉ ምንም አይነጫነጭም።

ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፍ መንገድም አለ። ዲርክ ኤደልቡትል ያዘጋጀው ኣርቱዩ የሚባል ማከማቻ የክራን ፓኬጆችን ተገንብተው ያለቁ አድርጎ ይሰጣል። የሚያስፈልጉትን የሲስተም ላይብረሪዎችም አብሮ ይጭናል። ለጀማሪ እሱን ነው የምመክረው። ቀዩን ጽሑፍ ማንበብ ግን ተማሩ፤ አንድ ቀን ማከማቻው ውስጥ የሌለ ፓኬጅ ያስፈልጋችኋል።

ዊንባግስን በጃግስ መተካት

የእኔ 31 ሰዓት የሚፈጀው ሞዴል የተጻፈው በዊንባግስ ነበር። ብዙዎቻችን የቤዥያን ሞዴል (ግምቱን በዕድል ስርጭት የሚገልጽ) የተማርንበት ፕሮግራም ነው፤ ባለውለታችን ነው። እድገቱ ግን 1.4.3 ላይ ቆሟል፤ ያ ዕትም እ.ኤ.አ. 2007 የወጣ ነው። ማርቲን ፕለመር የጻፈው ጃግስ ለዚያው ቋንቋ የተሠራ ነው፣ ሊኑክስ ላይም ያለ ምንም ጣጣ ይሄዳል። በአፕት «ጃግስ» እና «ኣር-ክራን-ኣርጃግስ» የሚሉትን ጫኑ፤ አለቀ።

የሞዴሉ ፋይል አብዛኛው ሳይነካ ያልፋል። ዲኖርም ውስጥ ሁለተኛው ቁጥር በሁለቱም ዘንድ ፕሪሲዥን ነው፤ 1 ለቫሪያንስ ሲካፈል ማለት ነው። የሚለየው ጥቂት ነው። ዊንባግስ ላይ በትልቁ አይ ፊደል ገደብ ታደርጉ ነበር። ጃግስ ላይ ስርጭቱን መቁረጥ ከሆነ የፈለጋችሁት በትልቁ ቲ ይጻፋል። ሴንሰር የተደረገ ዳታ (ከገደብ ማለፉ እንጂ ትክክለኛ ዋጋው የማይታወቅ) ከሆነ ደግሞ ዲኢንተርቫል የሚባለውን ትጠቀማላችሁ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዊንባግስ ላይ አንድ ምልክት ስለነበራቸው ብዙ ሰው ሲዛወር ያምታታቸዋል። የእናንተ ሞዴል የትኛው እንደሆነ እስክታውቁ ድረስ አትቸኩሉ።

እንደ እኔ የመያዝና እንደገና የመያዝ ሞዴል የምትሠሩ ከሆነ አንድ ስህተት በእርግጠኝነት ያጋጥማችኋል፦ «ኖድ ኢንኮንሲስተንት ዊዝ ፓረንትስ»። አትደንግጡ። ሞዴሉ ውስጥ ወፏ በሕይወት መኖር አለመኖሯን የሚይዝ የተደበቀ ተለዋዋጭ አለ። መነሻ ዋጋ ካልሰጣችሁት ጃግስ ራሱ ይመርጣል። በ 3ኛው ዓመት ሞታለች ብሎ ይጀምርና ዳታው ደግሞ በ 5ኛው ዓመት ተይዛለች ይላል። እርስ በርሱ ተጋጨ ማለት ነው። መፍትሔው በመጀመሪያውና በመጨረሻው መያዝ መካከል ያለውን ሁሉ 1 አድርጎ መስጠት ነው። በምትታወቅበት ጊዜ ሁሉ በሕይወት ነበረች፤ ሌላውን ጃግስ ይፈልገው።

ስታን ወደሚባለው ሌላ የቤዥያን ሞዴል ፕሮግራም ለመሄድ ላሰባችሁ ሁለት ነገር ልበል። እዚያ ኖርማል የሚወስደው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ነው፣ ፕሪሲዥን አይደለም። ስታን የተቆራረጠ፣ ማለትም 0 ወይም 1 ብቻ የሚሆን ፓራሜተርም አይገምትም። ሕይወትና ሞቱን ደምራችሁ ከቀመሩ ማውጣት አለባችሁ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ከማዛወር ጋር በአንድ ሳምንት አትሞክሩት።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ለእኛ ዘርፍ ዲፐር የሚባለው የታወቀ የልምምድ ዳታ አለ። ዲፐር ወንዝ ውስጥ እየጠለቀች የምትመገብ ትንሽ ወፍ ናት። ዳታው ከ 1981 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የተያዙ የ 294 ወፎች ታሪክ ነው። «ማርክድ» የሚባለው የኣር ፓኬጅ ውስጥ አብሮ ይመጣል። መትረፍም መያዝም በየዓመቱ አይለዋወጥም በሚለው ቀላል ሞዴል አስኪዱት። የመትረፍ ዕድል 0.56፣ የመያዝ ዕድል 0.90 መውጣት አለበት። ጃግስ ላይም ከዚህ አይርቅም። አዲስ ማሽን ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ የማስኬደው ይህን ነው። 0.56 ሳይ ነው የራሴን ዳታ የማመጣው።

የእናንተ ሥራ ተራ ሪግሬሽን ከሆነ ሎንግሊ የሚባለውን ዳታ ተጠቀሙ። ኣር ውስጥ አለ። 16 መስመር ብቻ ነው፣ ከ 1947 እስከ 1962። ተለዋዋጮቹ እርስ በርስ በጣም የተቆራኙ ስለሆኑ ደካማ ስሌት ያለበትን ፕሮግራም ያጋልጣል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም፣ ኤንአይኤስቲ፣ ትክክለኛ መልሶቹን አረጋግጦ አውጥቷል።

ስንት አኃዝ ድረስ ይግጠም? በሪግሬሽን ከሆነ «ኦል ኢኩዋል» በሚባለው የኣር ትዕዛዝ አነጻጽሩ፤ ከ 8ኛው አኃዝ ገደማ በኋላ ያለውን ልዩነት እንዳላየ ያልፋል። ያ ልዩነት የሂሳብ ላይብረሪው ነው፣ አያሳስብም። ናሙና በዕጣ የምታወጡ ከሆነ ግን የኣርን ዕትም እዩ። እ.ኤ.አ. 2019 በወጣው 3.6.0 ላይ የ«ሳምፕል» ትዕዛዝ አሠራር ተቀይሯል። አንድ ዓይነት ሲድ (የዕጣው መነሻ ቁጥር) ሰጥታችሁ የተለየ ዕጣ ቢወጣባችሁ ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም። «ኣርኤንጂ ቨርዥን» በሚለው ወደ 3.5.0 መልሱትና ይገጥማል።

የግድ ዊንዶውስ ለሚፈልገው

የናሙና መጠን የማሰላው በጂ-ፓወር ነበር። የሊኑክስ ዕትም የለውም። ዋይን ላይ ግን ይሠራል። ዋይን የዊንዶውስን ትዕዛዝ እየሰማ ለሊኑክስ የሚያስተላልፍ ነው፤ ሙሉ ዊንዶውስ አይፈልግም። ምክሬ አንድ ነው፦ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም «ዋይንፕሪፊክስ» በሚባለው ተለዋዋጭ የተለየ ፎልደር ስጡት። አንዱ የሚፈልገው ቅንብር ሌላውን እንዳያበላሽ ነው። ዊንባግስን ራሱን ለማነጻጸሪያ ማቆየት ብትፈልጉም ዋይን ላይ ይሄዳል። ባለ 32 ቢት ስለሆነ መጀመሪያ የ 32 ቢት ድጋፉን መጨመር አለባችሁ።

ዋይን ያቃተውን ቨርቹዋል ማሽን (ሊኑክስ ውስጥ እንደ ፕሮግራም የሚሄድ ሙሉ ዊንዶውስ) ውስጥ አስገቡት። ሚኒታብና ኢቪውስ ለሊኑክስ የተሠራ የዴስክቶፕ ዕትም የላቸውም፤ ለእነሱ ይህ መንገድ ይቀላል። ከራማችሁ ከግማሽ በላይ አትስጡት። የዊንዶውስ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፣ የፕሮግራሙም ፈቃድ በቨርቹዋል ማሽን መጠቀምን መፍቀዱን አንብቡ።

ድምፅ ሳያሰሙ የሚያሳስቱ

ስህተት ብሎ የሚቆም ፕሮግራም ደግ ነው። የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ የተሳሳተ ውጤት የሚሰጠው ነው።

ሰርቨሩ ላይ የመጀመሪያ ሳምንቴ ነበር። የጾታን ተጽዕኖ የሚለካው ቁጥር ላፕቶፔ ላይ ፖዘቲቭ ነበር፣ ሰርቨሩ ላይ ኔጌቲቭ ሆነ። መጠኑ ያው ነው፣ ምልክቱ ብቻ ተገለበጠ። ሁለት ቀን ፈለግሁት። ዳታው ላይ ወንዱ በትልቁ ኤም፣ ሴቷ ደግሞ በትንሹ ኤፍ ተጽፈዋል፤ መስክ ላይ የመዘገበው ሰው እንደዚያ ነው የጻፈው። ላፕቶፑ ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይለይ በፊደል ተራ ይደረድራል፣ ኤፍ ይቀድማል። ሰርቨሩ ግን «ሲ» በሚባለው ሎካል (የቋንቋና የፊደል ተራ ቅንብር) ነበር የተዋቀረው፤ በዚያ ትልልቅ ፊደላት ሁሉ ከትንንሾቹ ይቀድማሉ። ስለዚህ ኤም ቀደመ፣ ማነጻጸሪያው ወንድ ሆነ። ኣር ምንም አላጠፋም። የማነጻጸሪያውን ደረጃ ሳልነግረው የቀረሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የምድብ ተለዋዋጭ ስፈጥር ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል በእጄ እጽፋለሁ። እናንተም አድርጉት፤ ሁለት ሰከንድ ነው የሚወስደው።

የፊደል ኮድም እዩት። ኣር ዊንዶውስ ላይ ዩቲኤፍ-8ን እንደ ራሱ መደበኛ የያዘው ከ 4.2.0 ጀምሮ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2022። ከዚያ በፊት የግዕዝ ፊደል ያለበት ሰንጠረዥ ስንከፍት በቅንፍ የታጠረ የዩኒኮድ ቁጥር ይደረደርብን ነበር። ሊኑክስ ላይ ፊደሉ እንደ ፊደል ይታያል። ከኤክሴል በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠ የሲኤስቪ ፋይል ግን መጀመሪያው ላይ የማይታይ ምልክት ሊኖረው ይችላል፤ የመጀመሪያው ዓምድ ስም እንግዳ ነገር ከተለጠፈበት እሱ ነው። ስታነቡት ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8-ቦም» በሉት።

የፋይል ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ሊኑክስ ይለያል። ስም ሁሉ በትንሽ ፊደል ይሁን ብላችሁ ከራሳችሁ ጋር ተስማሙና አለቀ።

ፍጥነት

ዊንዶውስ ላይ «ኤምሲላፕላይ» የሚባለው የኣር ትዕዛዝ ከ 1 ኮር በላይ አይሠራም። ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ኣር ራሱን ያባዛል፣ ቅጂዎቹም ዳታውን እስካልነኩት ድረስ በጋራ ይጠቀሙበታል፤ ራም አይባክንም። የእኔ ሞዴል 3 ቼይን (ራሱን የቻለ የናሙና ዙር) ነበረው፣ ተራ በተራ ነበር የሚሄዱት። ጃግስን በ«ጃግስዩአይ» ፓኬጅ አማካይነት ለእያንዳንዱ ቼይን አንድ ኮር ሰጠሁት። 31 ሰዓቱ ወደ 11 ገደማ ወረደ። ማታ ለቅቄው ስገባ ጠዋት አልቆ ጠበቀኝ።

የማትሪክስ ስሌት የሚበዛበት ሥራ ካላችሁ ኦፕንብላስን ጫኑ፤ ብላስ ከሚባለው የተለመደ የማትሪክስ ስሌት ላይብረሪ በጣም ይፈጥናል። «ሴሽን ኢንፎ» ስትሉ የትኛው በሥራ ላይ እንዳለ ያሳያችኋል። ግን ተጠንቀቁ። ኦፕንብላስ ራሱ በብዙ ኮር ይሠራል። እናንተ 8 ቅጂ ብታስነሱና እያንዳንዱ 8 ክር (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ቢያስነሳ 64 ይሆናል፣ ማሽኑም ይንቀራፈፋል። ሥራውን እናንተ የምታካፍሉ ከሆነ የኦፕንብላስን የክር ብዛት 1 አድርጉት።

ራም ሲያልቅ ሊኑክስ አያስታምምም። ብዙ የያዘውን ፕሮግራም ይገድልና ተርሚናሉ ላይ «ኪልድ» የሚል አንድ ቃል ይተዋል። ኣር ያለ ምክንያት ጠፋ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። «ፍሪ» ከሚለው ትዕዛዝ ጋር «ሰረዝ ኤች» ብትጨምሩ ስንት እንደቀራችሁ ታያላችሁ።

ሰርቨር ላይ ረጅም ሥራ ስታስነሱ ቲመክስ ውስጥ ይሁን። ኢንተርኔት ቢቋረጥ፣ ላፕቶፑን ብትዘጉት፣ ሥራው ይቀጥላል። ኮንትሮልና ቢ፣ ከዚያ ዲ ተጭናችሁ ትወጣላችሁ። ስትመለሱ «ቲመክስ አታች» ትላላችሁ።

የወረቀቱ የመጨረሻ መስመር

ዊንዶውሱን መቼ ላጥፋ? ቆጠራው ላይ ካለው እያንዳንዱ መስመር ጎን ሁለት የገጠሙ ቁጥሮች ሲጻፉ።

እኔ ጋ አንድ መስመር ለ 4 ወር ባዶ ቀረ። ማርክ የሚባለው የዘርፋችን ፕሮግራም ነበር። በየዓመቱ የሚለዋወጠውን ሞዴል ሁለቱም ማሽን ላይ አስኬድኩት። ላይክሊሁዱ (ሞዴሉ ከዳታው ጋር የሚስማማበት ልክ) ገጠመ፣ ግምቶቹ ገጠሙ፣ ሞዴሎችን የምናወዳድርበት ኤአይሲ ግን በ 2 ገደማ ተለያየ። እንዲህ ዓይነቱ ልዩነት ሞዴል ያስመርጣል፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዲፐር ላይ ስሞክረው ነው የገባኝ። በዚህ ሞዴል የመጨረሻው ዓመት መትረፍና የመጨረሻው ዓመት መያዝ ተለይተው አይታወቁም፤ የሚታወቀው ብዜታቸው ብቻ ነው። ስለዚህ 12 ፓራሜተር ተጽፎ በእርግጥ የሚገመተው 11 ነው። ማርክ 11 ብሎ ቆጠረ፣ አዲሱ መንገዴ የተጻፈውን ሁሉ ቆጥሮ 12 አለ። አንድ ፓራሜተር ኤአይሲ ላይ 2 ይጨምራል። ብዛቱን በእጄ አስተካክዬ እንደገና አሰላሁ፤ ገጠመ።

ያን ቀን ማታ የዊንዶውሱን ዲስክ አጠፋሁት።